በዋሻው ስንጥቅ የተተወ ጧፍ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ መሪጌታ፤ «ተማሪዎቼ ዜማውን ይዘው ይሄዳሉ፣ አንዱም ተመልሶ ስሜን አያነሣም፤ እንግዲህ ለማን ብዬ ልድከም?» ብለኸኛል። ዛሬ መሪጌታ ብትባልም ለእኔ ያው ተማሪዬ ነህና ታገሠኝ።

ሰውዬው ሸማኔ ነበረ። በአገሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ የመቃብር ዋሻ አለ። እዚያ ያሉት ሙታን የተገነዙበት ሸማ ዛሬ ማንም የማይሠራው ጥለት አለው ይባል ነበር። ሸማኔው ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ድሩ እንዴት ቢዘረጋ ነው? ማጉስ ከየት ገብቶ ከየት ይወጣል? ሚስቱ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ግን ቸኩሏል፤ ዓይኑ እየደከመ ነውና ዘንድሮ ካላየው ለከርሞ እንጃ።

ወደ ዋሻው መውረድ የሚፈቀደው ለብቻ ነው፣ እሱም በዕድሜ አንድ ጊዜ። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ገበዙ በሩን ከፍቶለት ሥርዓቱን ነገረው፤ ጧፍ ይዞ ይወርዳል፣ ሲመለስ የተረፈውን ከመቃብሩ ራስጌ ካለው ስንጥቅ ትቶ ግድግዳውን እየዳበሰ በጨለማ ይወጣል። ለማን እንደሚተወው ቢጠይቅ፣ «ለሚመጣው» አለው። ሸማኔው በሆዱ ሣቀ። ለማላውቀው ሰው ብርሃኔን? እስኪያልቅ አነደዋለሁ እንጂ ምን የሚተርፍ አለ ብሎ ወረደ።

ደረጃው ከጣሪያው በሚንጠባጠብ ውሃ ያሟልጫል። ታች ሊደርስ ሲል እግሩ አዳለጠውና ጧፉ ኩሬ ውስጥ ገባ። ክብሪት ቢጭር የራሰው ክር አልያዝ አለው። የስንት ዘመን ምኞቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ቀረና ልቡ ቁርጥ አለ። የገበዙ ነገር ትዝ ያለው ያኔ ነው። በዳበሳ ሄዶ እጁን ወደ ስንጥቁ ቢሰድ የጣት ያህል ጧፍ አገኘ።

ለኮሰው። ጥለቱ እንደተባለው ነበረ፤ ቀዩ ክር በጥቁሩ ሥር ይሾልክና ማንም በማይጠብቀው ቦታ ብቅ ይላል። ሸማኔው ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ተከተለው። የጥለቱን ግማሽ ሲያዳርስ ጧፉም ተጋምሷል። ቀሪውን ለማየት ጧፉን መጨረስ ነበረበት።

«ይህን የተወልኝም እኮ ጠግቦ አይደለም» አለና እፍ አለው። እያዘነ ነው ያጠፋው፣ አልዋሽህም።

ጧፉን ከስንጥቁ መልሶ ግድግዳውን ይዞ መውጣት ጀመረ። አለቱ በእጁ ትይዩ እንደ ቦይ ተቦርቡሮ ለስልሷል። ያለሰለሰው ከእሱ በፊት በጨለማ የወጡት ሰዎች እጅ ነው። ቤቱ ገብቶ ያየውን ግማሽ ሸመነ፤ የቀረውን ከገዛ ልቡ ጨመረበት። ዛሬ የዚያ አገር ሙሽሮች የሚለብሱት ያን ጥለት ነው።

ያን ጧፍ የተወው ሰው ማን ይባል ነበር? ሸማኔውም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። መሪጌታ፣ የምታስተምረው ዜማም እንደዚያ ጧፍ ነው፤ ከስንጥቁ አገኘኸው እንጂ አንተ አላበጀኸውም። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዘመን ስታውቀኝ፣ እኔን ያስተማሩኝን ሰው ስም አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? አልጠየቅኸኝም፤ አላዘንሁብህም። ዜማቸው ግን ይኸው በጉሮሮህ አለ። በል ተነሣ፣ ተማሪዎችህ እየጠበቁህ ነው።