አልዘፍንም ያለው ስፒከር

«ልናገር?» እላለሁ፤ «ተናገር» በሉኝ። ካላችሁኝ እንዲህ ነው።

አዳማ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ይርጋ የሚባል ሰው ከትንሽ ልጁ ከኤፍራታ ጋር ይኖር ነበር። የልጅቱ እናት ትርሲት በክረምቱ ሞታለች። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ይርጋ ልጁን አስተኝቶ ብርድ ልብስ ሲያለብሳት ገፈፈችው።

«የእማዬን እሹሩሩ ካልሰማሁ አልተኛም» አለች።

እሹሩሩው አለ። ትርሲት በስልኳ ቀድታዋለች። ስልኩ ግን ወድቆ የራሱ ድምፅ ጠፍቷል፤ ዘፈኑ የሚሰማው መደርደሪያው ላይ ባለው ስፒከር ነው። ይርጋ የስፒከሩን አቧራ ጠረገ፤ ሶኬት ሰካ።

«በል ዝፈን» አለው።

«ስልኩ ካልላከልኝ አልዘፍንም» አለ ስፒከሩ።

ይርጋ መሳቢያውን ከፈተ። ከቀብሩ ወዲህ ያልነካውን ስልክ አውጥቶ ቻርጅ አደረገው።

«በል ላክለት።»

«እኔና እሱ አንድ ዋይፋይ ላይ ካልተገናኘን አልልክም» አለ ስልኩ። «ሂድ ራውተሩን ለምን።»

ልጅቱ አልተኛም አለች፤ ስፒከሩ አልዘፍንም አለ፤ ስልኩ አልልክም አለ።

ራውተሩ ያለው ከግድግዳው ወዲያ፣ ጎረቤት ጋሽ ደምሰው ቤት ነው። ፎቁ ሁሉ ከእሳቸው መስመር ይጠቀም ነበር። ይርጋ የሚያውቀውን የይለፍ ቃል ጻፈ። ከአንድ እስከ ስምንት መቁጠር ነበር፤ የሰፈሩ ድመት ሳይቀር ያውቀዋል።

«እሱ ድሮ ቀረ» አለ ራውተሩ። «አዲሱን ካልነገርከኝ አላስገባም።»

ልጅቱ አልተኛም አለች፤ ስፒከሩ አልዘፍንም አለ፤ ስልኩ አልልክም አለ፤ ራውተሩ አላስገባም አለ።

ይርጋ ልጁን ታቅፎ ጎረቤት አንኳኳ። ጋሽ ደምሰው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

«ጋሼ፣ አዲሱን የይለፍ ቃል ይንገሩኝ።»

«እኔ አንተን ልከለክል?» አሉ ሽማግሌው፤ ተክዘው። «ለለቅሶ የመጣ ዘመድ እንዳይቸገር ብዬ የይለፍ ቃሉን አንስቼ ክፍት ተውኩት። ማንም ገባበት። ሰው እያለቀሰ ካንተ ስፒከር የሰርግ ዘፈን ፈነዳ። ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።»

«ያን ቀን አዲስ ቃል አስገብቼ በትርሲት ምያለሁ። ዘፈኑን የለቀቀው ሰው መጥቶ እስኪነግረኝ ቃሉን ለማንም አልናገርም።»

«ለኔም?»

«መሐላ ነው እኮ። ባለቤቴ እንኳ በሞባይል ዳታ ነው የምትኖረው። ካኮረፈችኝ ቆየች።»

ልጅቱ አልተኛም አለች፤ ስፒከሩ አልዘፍንም አለ፤ ስልኩ አልልክም አለ፤ ራውተሩ አላስገባም አለ፤ ጋሽ ደምሰው አልናገርም አሉ።

«አባዬ» አለች ኤፍራታ ትከሻው ላይ ሆና፤ «እትዬ ዘርፌም እንደኛ ስፒከር አላቸው። አንድ ዓይነት ነው።»

እትዬ ዘርፌ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ይርጋ ወርዶ አንኳኳ። በራቸውን ገርበብ አድርገው ሲከፍቱ እሱን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ሳይጠየቁ። «ለእህቴ ልጅ ሰርግ ቀን ተቆርጦ ነበር። በር ዘግቼ፣ ዘፈኑን ዝቅ አድርጌ ልሞክር ብዬ። ስልኬ ላይ ሁለት ስፒከር ወጣ፤ የሁለቱም ስም ያው የፋብሪካው ስም ነው። ከአንድ ሱቅ አይደል የገዛናቸው፣ ትርሲት ናት የመረጠችልኝ። አንዱን ነካሁ። ከኔው ስፒከር ምንም አልወጣም። ከፍ አደረግኩት። ምንም። የባሰ ከፍ አደረግኩት።»

ይርጋ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው ለጋሽ ደምሰው ይንገሯቸው።»

«ያንተን ደጅ ሳልረግጥ እሳቸው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? አልሄድም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ለምን አልመጡም?»

«መጣሁ እንጂ። ምግብ ይዤ መጣሁ፤ ባዶ እጄንም መጣሁ። በርህ አልከፈትም አለ።»

ልጅቱ አልተኛም አለች፤ ስፒከሩ አልዘፍንም አለ፤ ስልኩ አልልክም አለ፤ ራውተሩ አላስገባም አለ፤ ጋሽ ደምሰው አልናገርም አሉ፤ እትዬ ዘርፌ አልሄድም አሉ፤ በሩ አልከፈትም አለ።

ይርጋ ወደ ላይ ተመልሶ ከበሩ ፊት ቆመ።

«ለምን አልከፈትክም?» አለው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ በሩ። «ከውስጥ የቆለፈኝን ጠይቅ።»

«አባዬ፣ ማን ነው የቆለፈው?»

 ሁሉም የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ራውተሩ መስመሩን፣ ጋሽ ደምሰው የሟችን ክብር፣ እትዬ ዘርፌ ሐፍረታቸውን ይጠብቃሉ። ይርጋ ደግሞ ሐዘኑን ይጠብቅ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይነካበት።

«እኔ ነኝ» አለ።

በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ተመልሶ እንዳይዘጋ በርጩማ አስደገፈበት። ከዚያ ወደ ደረጃው ጎንበስ ብሎ ተጣራ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ይምጡ። ሳህንም አያስፈልግም።»

በሩ ተከፈተ፤ እትዬ ዘርፌ መጡ። ከይርጋ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ያልተለቀሰው ለቅሶ ያኔ ተለቀሰ። ከዚያ ጎረቤት ሄደው ለጋሽ ደምሰው ነገሩ። ጋሽ ደምሰው ከመሐላቸው ተፈቱ፤ ፎጣቸውን እንደለበሱ ይርጋ ቤት ገቡ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ስፒከሩ የራሱ ስም ይውጣለት» አሉ። «ዳግመኛ ሰው አይሳሳትም። ለእንግዳም ለብቻው መግቢያ እከፍትለታለሁ፤ ወደናንተ ዕቃ የማያደርስ።»

«ስሙ የኤፍራታና የእማዬ ይሁን» አለች ልጅቱ።

ይርጋ እንዳለችው ጻፈ። ጋሽ ደምሰው አዲሱን ቃል በጆሮው ነገሩት።

ጋሽ ደምሰው ተናገሩ፤ ራውተሩ አስገባ፤ ስልኩ ላከ፤ ስፒከሩ ዘፈነ፤ ልጅቱ ዓይኗን ከደነች።

በእሹሩሩው መሃል ትርሲት ዝም አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ስትቀዳ እንደተናገረችው፣ «ይርጋ፣ በር እየተንኳኳ ነው፤ ክፈት እንጂ» አለች። ዘፈኗንም ካቆመችበት ቀጠለች።

ይርጋ ሳያስበው ብድግ አለ።

በሩ ግን ክፍት ነበር።

የኔ ተረት በዚያ በር ወጣች፤ የናንተም በዚያው ትግባ።