እንግዳ ያለባት አበባ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። አንዲት ጥንዚዛ ርቧት በመስኮት ስትገባ የሳሎን አበባ አገኘች። የአበባዋ ቅጠል ከላይ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ግን የቅንቅን መንጋ ድር አድርቶ፣ እየመጠጠ ሊያደርቃት ደርሷል።

«እትዬ አበባ፣ ቅጠልሽን ቀና አድርጊልኝና ቅንቅኑን ልብላልሽ።»

«ዛሬ እንግዳ አለብኝ። ጀርባዬን ገልጬ ልዋረድ?»

«ከደረቅሽስ ማን ሊያይሽ ነው?»

«ነገ ነይ አልኩሽ፤ አሁን ዞር በይልኝ።»

እንግዶቹ መጡ። አንዷ እንግዳ፣ አበባዋ ከማብረቅረቋ ብዛት ፕላስቲክ መስላ ስለታየቻት፣ ቅጠሏን ገልበጥ ስታደርግ ቅንቅኑ ጣቷ ላይ ወጣ። የቤቱ እመቤት አፍራ አበባዋን ከነሸክላዋ ደጅ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ አስቀመጠቻት።

ጥንዚዛዋ በንዴት እየተነፈሰች ተከተለቻት። «በይ እንግዲህ፣ አሁን እንግዳ የለብሽም።»

አበባዋ ቅጠሎቿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «ጎረቤት እያየን ነው፤ ሲመሽ ነይ።»