አያ ጅቦ ሊኑክስ ሲቀይር

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ከቅርጫ ታገደ። ባለፈው ፋሲካ የሰባት ቤተሰብ ሥጋ መደቡ ገና ሳይለይ ብቻውን ስለጨረሰ፣ አያ አንበሶ እስከ ቅዳሜ ቀትር ድረስ የጽሑፍ ይቅርታ ካላቀረበ ከዘንድሮው በሬ እንደማይካፈል አስታወቀው። ጅቦ በአሮጌ ኮምፒውተሩ ሦስት ቀን ለፍቶ አንድ ገጽ ይቅርታ ጻፈ። የቀረው ማተም ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እመት ቀበሮ ብቅ አለች። ጅቦ ከቀረ መደቡ ለተጠባባቂዋ ለእሷ ነው። ደብዳቤውን አላነበበችም፤ ኮምፒውተሩን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ኮምፒውተር የሚሠራበት ሊኑክስ የሚሉት ሥርዓት ስንት ዓይነት እያለ እስካሁን በዚህኛው መሥራቱ እንደገረማት ነገረችው።

«ምን ጎደለው?» አለ ጅቦ።

«ምንም አልጎደለውም። ግን ሁለት ጊጋ ብቻ ነው። ባለ አራት ጊጋ አለልህ።»

ጅቦ ጊጋ ምን እንደሆነ አያውቅም። አራት ከሁለት እንደሚበልጥ ግን ያውቃል፤ ሆዱም ጮኸ።

አህያ ይህን ሁሉ ትሰማ የነበረው ከወንዙ ማዶ ነው። ከጅቦ ጋር የምትጫወተው ሁልጊዜም ከማዶ ሆና ነው።

«አያ ጅቦ፣ ያለህ ያትማል?»

«ያትማል።»

«እንግዲያ ዛሬ አትም፤ ሰኞ ትቀይረዋለህ።»

ጅቦ፣ ሣር የሚበላ ስለ ጊጋ ምን ያውቃል ብሎ ናቃትና ባለ አራቱን መጫን ጀመረ። መሀል ላይ ኮምፒውተሩ፣ በውስጤ ያለውን ሁሉ ላጥፋ ወይ ሲል ጠየቀው። ጅቦ «ሁሉ» የሚል ነገር ቀርቦለት እምቢ ብሎ አያውቅም፤ አዎ አለ። ባለ አራቱን ሳይሞክረው ባለ ስድስት መኖሩን ሰማ። ቅዳሜ ማለዳ ባለ ሰባቱ ላይ ሲደርስ ደብዳቤው ትዝ አለው። ፈለገው፤ የለም። ከስክሪኑ ኋላ ዞሮም አሸተተ።

ቀትር ላይ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ አንበሶ ፊት ቀረበ። መደቡ በቅጠል ላይ ተደርድሯል።

«ይቅርታህስ?» አለ አንበሶ።

«ይቅርታው ጠፍቷል፣ ጌታዬ። ግን ሰባት ጊጋ ነው» አለና ስክሪኑን አዞረለት።

አንበሶ ስክሪኑ ላይ የወጣውን የሐይቅ ሥዕል ረጋ ብሎ ተመለከተ።

«ጥሩ ሐይቅ ነው» አለና ዕጣው እንዲወጣ አዘዘ።

ቀበሮ የጅቦን መደብ በቅጠል ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጅቦ እያሸተተ ተከተላት። ይህን ያህል የምታውቅ እሷ ራሷ በየትኛው ሊኑክስ እንደምትሠራ በትሕትና ጠየቃት።

«እኔ? እኔ እንኳ ኮምፒውተር የለኝም» አለችና ሥጋውን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

ከዚህ የምንማረው፣ በደህና የሚሠራ መሣሪያ መቀየር ያለበት የተያዘው ሥራ ካለቀ በኋላ መሆኑን፣ ቀይር የሚለንም ሰው እኛ ስንቀይር እሱ ምን እንደሚያገኝ አስቀድመን ማጣራት እንደሚገባን ነው።