ሽንት ቤት የገባው ጥድ ተራ

ስሚኝማ። እኔ እንኳን የሰው ታሪክ የራሴን ክርስትና አልረሳሁም፤ ቄሱ ውሃ ውስጥ ሲነክሩኝ እጃቸው እንዴት እንደቀዘቀዘኝ ዛሬም ይታወቀኛል። እናትሽ «ተያት፣ ትጨምራለች» ብትልሽ አትስሚያት፤ እሷ ትናንት የበላችውን አታስታውስም። ከኔ አፍ አንዲት ፍሬ ቅጥፈት አትወጣም።

በአንድ ወቅት ጥድ ተራ የሚባል የዱሮ ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ፎቅና ምድር፣ የእንጨት ሰገነታቸው እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ፣ ግቢያቸው ጽጌረዳና ኮክ፣ መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ። ይሄ ግን ድሮ ነው። እኔ የምነግርሽ ዘመን ሲደርስ ሰገነቱ በቆርቆሮ ተጠርቅሟል፣ አትክልቱ ቦታ የጭቃ ክፍል ተለጥፎበታል፣ እጣቢው በድንጋዩ መንገድ መሃል ለመሃል ይወርዳል። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው።

ከሁሉ የባሰ የሚጸየፈው የእድሩ ዳኛ ጋሽ መንበሩ ነው። ሰው ከጨበጠ በኋላ እጁን በሎሚ የሚያሽ፣ ለቅሶ ቤት የራሱን ማንኪያ በኪሱ ይዞ የሚሄድ ሰው። ሚስቱን ሲስማት ራሱ ትንፋሹን ይዞ ነው አሉ።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ሰዎች መጡና «ሰፈሩ ይፈርሳል፤ ለቅርስ የሚቀረው የአቶ በድሉ ቤት ብቻ ነው» አሉ። «እሱም ቢሆን ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ከነአትክልቱ፣ ከነመንገዱ በፎቶ ካሳያችሁን ነው። ካላሳያችሁን አብሮ ይፈርሳል።»

ቤቱ ከታደሰ ላይኛዋ ክፍል፣ ወደ አትክልቱ የምታየዋ፣ ለአንድ ጠባቂ እስከ ዕድሜ ልኩ ትሰጣለች። አቶ በድሉ ሞተዋል፤ ሦስት ልጆች ትተዋል። ከሦስቱ አንዱ ይገባባታል፤ ሁለቱ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ከተማው ጫፍ፣ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ወደሚንጎራደድበት። «እድሩ ይምረጥና ስሙን ጽፎ እሑድ እኩለ ቀን ይስጠን» ተባለ። እድሩ ማለት ደግሞ ጋሽ መንበሩ ነው።

ታላቁ አጥናፉ ነው። ጎረምሳ ሆኖ እኩዮቹ ጫማ ሲገዙ እሱ ፊልም ይገዛ ነበር። እያንዳንዱን ቤት፣ እያንዳንዱን አጥር፣ እያንዳንዷን ቅያስ አነሳ። ልጃገረዶቹ «እኛን አታነሳም እንዴ? ደረጃ ከኛ ትበልጣለች ማለትህ ነው?» ሲሉት «እናንተማ ታገባላችሁ፣ ትሄዳላችሁ» ይላል። ፊልሙን አሳጥቦ በብስኩት ቆርቆሮ ከቶ አርባ ዓመት ጠበቀው። ሰዎቹ ፎቶ ሲሉ ታዲያ ቆርቆሮውን ይዞ ወጣና «ክፍሏ የኔ ናት» አለ። እህትና ወንድሙ ሳቁበት። «ጠቅ ማድረግ ነው እንዴ ቤት የሚያሰጥ? እንግዲያው ፀሐይም ድርሻዋን ትጠይቅ፣ ያለሷ መቼ ይነሳ ነበር!» ደሙ ፈላ። «የኔ ካልሆነች ለማንም አትሆን!» አለና ሄዶ ሽንት ቤት ጨመረው። የሰፈር ሽንት ቤት ነው፣ ልጄ፤ አሥራ ስምንት አባወራ የሚጠቀምበት። ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ነው። አይ፣ ስምንት። ቆርቆሮው ሲያርፍ ቧ! አለ። ከዚያ በኋላ አጥናፉ ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ ለቅሶ ምን ያወጣል?

ሁለተኛዋ የሺመቤት ናት። እውነቱን እንነጋገር ካልሽ ቤቱን ያበላሸችው እሷ ናት። የአባቷን ጽጌረዳ ከሥሩ ነቅላ የዶሮ ቤት የሠራችበት፣ ሰገነቱን በቆርቆሮ የጠረቀመች፣ ያን የተፈለፈለ እንጨት አንድ ክረምት ሙሉ ያነደደችው እሷ ናት። ፎቶ ያስፈለገውም በሷ ነው። ያን ዕለት ግን ሰው ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ወይኔ፣ ወይኔ» ሲል «ወይኔ ምንም አያወጣም፤ ገመድ አምጡ!» አለች። ወገቧን አሳሰረች፣ አፍንጫዋ ላይ ነጭ ሽንኩርት ወተፈች፣ ወረደች።

ጋሽ መንበሩ ግንብ ጥግ ሆኖ፣ መሐረቡን አፉ ላይ ደፍኖ፣ «የሺ፣ ተይ! በሽታ ነው!» ይላል።

ከታች ድምጿ መጣ። «ጋሼ፣ የእርስዎም ድርሻ እዚህ አለ! እንደ ሌላው ነው፣ ምንም አልተለየም!»

ስትወጣ ምን ልበልሽ፣ ድመቷ እንኳን ፊቷን አዞረች። ቆርቆሮውን ግን እንደ ጨቅላ አቅፋዋለች። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ሦስት ወንበር ለብቻዋ ይለቀቅላት ነበር።

ሦስተኛው ላቀው ነው። ሲወረድ አልወረደ፣ ገመድ ሲጎተት አልጎተተ፤ ተኝቶ ነበር። ቆርቆሮው ሲከፈት ውስጡ ሁሉ ተለውሷል። አጥናፉ «አለቀለት» አለ፤ የሺመቤት ተናዳ መልሳ ልትወረውረው ነው። «ቆዩ» ያለው ላቀው ነው። ሦስት ቀን ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ እያንዳንዷን ፊልም ለብ ባለ ውሃ እንደ ሕፃን ዓይን በጣቱ ጫፍ እየጠረገ፣ ስድስት ስድስት ውሃ ለወጠላት። ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ሰቀላት። ሁለት መቶ ፎቶ ተረፈ። ራሱ ፎቶ ቤት ወስዶ ወረቀት ላይ አሳተመው።

እሑድ ጠዋት እድሩ ቤት ፎቶዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። የአቶ በድሉ ሰገነት ከነፍልፍሉ፣ ጽጌረዳው አጥሩን ዘሎ፣ ድንጋዩ መንገድ ታጥቦ ሲያበራ። ጋሽ መንበሩ የራሱን በር አየና አላወቀውም። ሚስቱ ናት «ያንተ እኮ ነው፤ ያ የኮኩ ዛፍ እጣቢ የምትደፋበት ጋ ነበር» ያለችው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ እጁ ቀፈፈው። ሃምሳ ዓመት ሌላውን ሲጸየፍ፣ እሱም ደፍቷል ለካ።

ከሐፍረቱ ወሬ ለማስቀየር ያህል ወደ ላቀው ዞረ። «ጎበዝ። ፊልሙ አንድም ቦታ አልተጨማደደም። በምን አጠብከው?»

«በጎላው።»

«በየቱ ጎላ?»

«በእድሩ ነዋ። በትልቁ ድስት። እሱ ሰፊ ስለሆነ ፊልሙ አይታጠፍም።»

ጋሽ መንበሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «መቼ ነው የመለስከው?»

«ሐሙስ ማታ። አለቅልቄ።»

ዓርብ የወይዘሮ ተዋበች አርባ ነበር። የምስሩ ወጥ የተሠራው በዚያ ጎላ ነው። ጋሽ መንበሩ ሦስቴ አስጨምሮ፣ «የዛሬውስ ልዩ ነው፣ ምን ጨመራችሁበት?» ብሎ ጠይቋል። ያውም በራሱ ማንኪያ!

ቤቱ ተደባለቀ። መቶ ሃያ ሰው ነው የበላው፤ ከልጆቹ ጋር ሁለት መቶ። ጋሽ መንበሩ አጥር ሥር አጎንብሶ ያለ የሌለውን አስታወከ። የሺመቤት ጀርባውን እየደበደበች «አይዞዎት ጋሼ፣ እኔ ከላይ እስከ ታች ተነክሬበት ይኸው አልሞትኩም» ትለዋለች።

ሲመለስ ፊቱ እንደ አመድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ስሙን ሊወስድ መጥቶ ሰዓቱን ያያል።

«እኔ ባላነሳ ምን ይወጣ ነበር?» አለ አጥናፉ።

«እኔ ባልወርድ ምን ይታጠብ ነበር?» አለች የሺመቤት።

«እኔ ባላጥብ ምን ይታይ ነበር?» አለ ላቀው።

«ዝም በሉ!» አለ ጋሽ መንበሩ። «አንተ የአርባ ዓመት ልፋትህን አር ውስጥ የከተትክ። አንቺ የአባትሽን ቤት አንድደሽ የሞቅሽ። አንተ እድሩን ሽንት ቤት ያበላህ። ሦስታችሁም ታቅለሸልሹኛላችሁ! ሦስታችሁም ጅብ ጋ ብትሄዱ ደስታዬ ነው!»

የሦስቱን ስም ወረቀት ላይ ጻፈና፣ ሁለቱን ሊሰርዝ ብዕሩን አነሳ። የላቀውን ስም ሊሰርዝ ሲል ዓይኑ ፎቶው ላይ አረፈ፤ የታጠበችው ጽጌረዳ አንዷ ቅጠሏ እንኳን አልተፋቀም። የአጥናፉን ሊሰርዝ አለ፤ ያን በር ያየለት ሰው እሱ ብቻ ነው። የሺመቤትን ሊሰርዝ አለ፤ ጠረኗ አጠገቡ ቆሟል። ከዚህ ሁሉ ሰው ማን ይወርድ ነበር? እሱ ራሱ ይወርድ ነበር? እጁ ወረቀቱ ላይ ቀረ። አንድ ስም ነው የሚቀረው፤ ክፍሏ ለሁለት አትከፈልም፣ የመሥሪያ ቤቱም ሰው አይጠብቅም።

በይ እንግዲህ፣ ብዕሩን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። ክፍሏ የምትገባው ለማን ነው፤ ላነሳው፣ ለወረደችው፣ ወይስ ላጠበው? «ሦስቱም ይኑሩባት» የምትይ ከሆነ ስልኩን አላነሳም። ምሳሽንም እራትሽንም ብይና፣ ከቻልሽ ማለቴ ነው፣ ዛሬ ማታ ሳልተኛ ደውይልኝ፤ አንድ ስም ይዘሽ።