እናት ስትጣራ ቤት የነበሩት ወንድማማቾች

ወገኖቼ፣ አንድ አናጢ ነበረ። እጁ የተባረከ ነው። ግን ይጠጣል። ሲጠጣ ይሳደባል፣ ዕቃ ይሰብራል፤ አንድ ቀን ጎረቤቱን በቡጢ መትቶ ጥርሱን አውልቆታል። ሲነጋ ያለቅሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያስ? ከዚያ ደግሞ ይጠጣል።

ታናሽ ወንድሙ ምናሉ መጠጥ አይቀምስም። እሱ ሐሺሽ ያጨሳል። መጀመሪያ ሳቂታ አደረገው፤ ቤተሰቡም ቢያንስ አይደባደብም ብሎ ተጽናና። እየቆየ ግን ሥራውን ተወ። ሰዎች ይከታተሉኛል ማለት ጀመረ። መስኮቱን በካርቶን ሸፈነ፤ እናቱ የሚያቀርቡለትን ምግብ እንኳ መጠርጠር አመጣ።

አናጢው ታናሹን ይንቀው ነበር። እኔ ስካሩ ሲለቀኝ ወደ ልቤ እመለሳለሁ፣ እሱ ግን አእምሮውን በገዛ እጁ አጠፋ ይላል። ታናሹም በፈንታው፣ እኔ ማንን መታሁ? ማንን ሰደብኩ? ይላል።

ማንኛው ዋሸ? ማንኛቸውም አልዋሹም።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ እናታቸው ወይዘሮ ስንዱ ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ አዳልጧቸው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጆቻቸውን በየስማቸው ተጣሩ። አናጢው ሳሎን ውስጥ ሰክሮ ተዘርሯል፤ አልሰማም። ምናሉ ሰምቷል። ነገር ግን በእናቱ ድምፅ አታለው ሊይዙት የመጡ ሰዎች መሰሉት። በሩን ቀርቅሮ አልጋ ሥር ገባ። ወይዘሮ ስንዱን ከሁለት ሰዓት በኋላ ያነሣቻቸው ጎረቤት ናት።

ሆስፒታል፣ አልጋቸው አጠገብ፣ አናጢው ታናሹን ይወቅሰው ጀመር። ምናሉ ጩኸቷን ሰምቼ ነበር ስላለ፣ እየሰማ ዝም አለ ብሎ።

እናትየው ዓይናቸውን ገለጡ። "ተው ልጄ። እኔ ስጣራ ሁለታችሁም ቤት ነበራችሁ" አሉ።

አናጢው ወንድሙን መውቀሱን ተወ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የወንድሙን ሕመም የሚያወራው የራሱን ለመሸፈን ኖሯል።

በሳምንቱ ምናሉን ለምኖ፣ እጁን ይዞ ወደ አእምሮ ሐኪም ወሰደው። ሐኪሟ ምናሉን መርምራ ስትጨርስ ወደ እሱ ዞረች።

"አንተስ?" አለችው።

ሊወጣ ተነሣ። በሩ ድረስ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

ወዲያው ዳኑ አልላችሁም። አናጢው ሁለት ጊዜ ወደ መጠጡ ተመልሶ ወድቋል፤ ሁለት ጊዜም ተነሥቷል። ምናሉ ዛሬም መድኃኒት ይወስዳል፤ ከወንድሙ ጋር እንጨት መላግ ጀምሯል። እናታቸው በምርኩዝ ይሄዳሉ።

እናንተስ? "የኔው ይሻላል" እያላችሁ ስንት ዓመት ተቀመጣችሁ? አንዱ ሰውን በቁጣ ያርቃል፣ አንዱ በፍርሃት። የቱ ይብሳል ብላችሁ ስትከራከሩ፣ ቤታችሁ ውስጥ የወደቀውን ማን ያነሣዋል? መጠጥ የያዛችሁ፣ ጭስ የያዛችሁ፣ አትፈሩ፤ እግዚአብሔር የሚጠይቃችሁ ከማን እንደምትሻሉ አይደለም። ጸልዩ፤ ሐኪምም ዘንድ ሂዱ። እንዲህ ያለ ወንድም ያላችሁም አትናቁት፤ እጁን ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ እናንተም ተቀመጡ።