ፀሐይ በረድ እስኪል

ጊዜውን ከወርቅ አብልጦ የሚወድ አንድ ነጋዴ ነበር። የሚኖረው በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ባለች ትልቅ የወደብ ከተማ ሲሆን፣ ሽማግሌ አባቱ ባሕሩን ተሻግራ ከምትገኝ ትንሽ ደሴት በወጣትነታቸው የመጡ ነበሩ። «ደሴቴን አሳየኝ» እያሉ ሲለምኑት ከርመው ነበርና፣ በመጨረሻ ልጁ እሺ አለ። ጠዋት ሄደው ያንኑ ቀን ሊመለሱ በጀልባ ተሳፈሩ።

መንገድ ላይ አባትየው የልባቸውን ነገሩት። «እናቴ ታማ ልካብኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሞተች፤ ቀብሯ ላይም አልደረስኩም። ተቀይማኝ ሞታ ይሆን እያልኩ ይኸው አረጀሁ። አጠገቧ የነበረችው እህቴ ሴለስቲን ናት። እሷን ይቅርታ ልጠይቃት፣ የእናቴንም የመጨረሻ ቃል ልስማ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? እንደደረስን ይጠይቋታል» አለ ልጁ።

«በእኛ ደሴት ይቅርታና የሞት ነገር በር ላይ አይነገርም፣ ልጄ። መጀመሪያ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይበላል፣ ከዚያ ጥላ ሥር ጋደም ይባላል። አፍ የሚከፈተው ፀሐይ በረድ ሲል ነው።»

ነጋዴው ሳቀ። «ለአንዲት ይቅርታ ይህ ሁሉ ጣጣ!»

ደሴቲቱ ችኮላ የሚባል ነገር አታውቅም። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያንቀላፋሉ፤ ባለሱቁ ሱቁን ክፍት ትቶ ጎረቤት ሊጫወት ሄዷል። ሴለስቲን ወንድማቸውን አቅፈው ሳሙ። አንዳች ሳይጠይቁ የኮኮናት ውሃ አቀረቡ፣ ዓሣ ጠበሱ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሰሌን አነጠፉ። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ጋደም ብለው ዝም አሉ። ለነጋዴው ግን ይህ ዝምታ ሥራ መፍታት መሰለው። ሰዓቱን ያያል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል። በማግሥቱ ጠዋት ዕቃ የሚረከበው ደንበኛ ነበረበት።

የጀልባዋ ጡሩንባ ሲነፋ ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች። ነጋዴው የአባቱን ክንድ ይዞ አስነሣቸው።

«ትንሽ ታገሠኝ ልጄ፣ ልትበርድ ነው። ነገ ጠዋት ሌላ ጀልባ አለ» አሉ አባትየው።

«አባባ፣ ቀኑን ሙሉ ተጋድማችሁ አንዲት ቃል አልተነጋገራችሁም! በሚቀጥለው ወር አመጣዎታለሁ።»

ሴለስቲን አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ በጥድፊያ የሚነገር አልነበረምና ዋጡት። አባትየው ደሴቲቱ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ድረስ ከጀልባዋ ጫፍ አልተነሡም።

የሚቀጥለው ወር ሲመጣ ገበያው ደርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውም እንዲሁ። ሽማግሌው ታመው ተኙ፣ በዚያው አረፉ። በመጨረሻው ቀን እንኳ «እናቴ ተቀይማኝ ይሆን?» ይሉ ነበር።

ነጋዴው መርዶ ለመንገር ብቻውን ወደ ደሴቲቱ ተሻገረ። በር ላይ ሊናገር ሲል ሴለስቲን «መጀመሪያ ውሃ ጠጣ» አሉት። ጠጣ፣ በላ፣ ሰሌኑ ላይ ጋደም አለ። ጀልባዋም ትታው ሄደች። ፀሐይ በረድ ሲል ከቃሉ እንባው ቀደመ።

«አክስቴ፣ አባባ አርፈዋል። ያን ቀን የመጡት ይቅርታ ሊጠይቁዎት፣ የአያቴንም የመጨረሻ ቃል ሊሰሙ ነበር።»

አሮጊቷ ብዙ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው እንዲህ አሉት፦

«እናታችን መች ተቀየመችው! ‹ልጄ መንገድ ላይ ይሆናል። ሲደርስ በባዶ ሆዱ እንዳታስለቅሺው፤ አብዪው፣ አሳርፊው፣ ከዚያ መርቄው እንደሞትኩ ንገሪው› ብላኝ ነው ያረፈችው። ያን ቀን አብልቼው፣ አሳርፌው ነበር። የቀረኝ መንገር ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ወር አመጣዎታለሁ ስትለው ስለሰማሁ አስቀመጥኩት።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን እንሂድ ያሉን ቦታ ድረስ እናደርሳቸዋለን፤ የሄዱበት ጉዳይ እስኪፈጸም ግን አብረናቸው አንቀመጥም። ለእኛ ሥራ መፍታት የሚመስለን ዝምታ፣ ለእነሱ የዕድሜ ልክ ጥያቄ ሊመለስ የተቃረበበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ሊነግረን አፉን ከፍቶ፣ ጥድፊያችንን አይቶ ቃሉን የዋጠ ሰው በቤታችን ማን ይሆን?