ሰባት ቤት መቁጠር ያቃተው ገመሮ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ አንድ ገመሮ ዝንጀሮ ነበር። ጎፈሬውን ሲያዩት ጀግና፣ ሲያዋሩት ባዶ ቅል! ይሄ ገመሮ ሸጊት የምትባል ዝንጀሮ ካላገባሁ ብሎ ሽማግሌ ላከ።

ሸጊት «እሱን ከማገባ ገደሉን ባገባ ይሻለኛል!» አለች። ማን ይስማት? አባቷ «ሰባት ቤት አባቶቹን በቃሉ ይቁጠር። ዘራችን ካልተገናኘ ልጄን ይውሰድ» ብለው ቀን ቆረጡ።

ገመሮ ጥናት ጀመረ። ጥናት ከተባለ! ሾላ ጥላ ሥር ይንጋለላል፣ አክስቱ ታስጠናዋለች።

«አባትህ ቧጨሩ የማን ልጅ ነው? የጎ... የጎር...»

«የጎርሴ!»

«እሰይ የኔ አንበሳ! ጎርሴስ? የሸም... የሸምጥ...»

«የሸምጥጥ!»

ከዚያ ሆዱን መታ መታ ያደርግና «ውስጤ ገብቷል!» ይላል። ብሎም ይተኛል።

ሸጊት ሾላው ላይ ሆና ሰማች። ባትወደውም ስንፍና ያናድዳታል።

«አያ ገመሮ፣ እስቲ እትዬ ዝም ይበሉና ብቻህን በለው። ሲጠፋብህ ራስህ ፈልገው። ነገም ከነገ ወዲያም ድገመው።»

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪ? ውስጤ ገብቷል አልኩሽ!»

«ከገባ እስቲ ይውጣ።»

«በቀኑ ይወጣል!»

አክስቱም «አታድክሚብኝ ልጄን! ገና ሳታገቢው ልትጨቀጭቂው ነው?» ብላ ተቆጣች።

«እሺ፣ ይሁን» አለች ሸጊት፣ ፈገግ ብላ።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሎቹ ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ሸጊት ለአክስቲቱ አንድ ቁና ሾላ አቀረበችላት።

«እትዬ፣ ይብሉልኝ እንጂ!»

«በቃኝ ልጄ።»

«በሞቴ! ይቺን ብቻ! ይቺንም!»

የአክስቲቱ ሁለት ጉንጭ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሸጊትም እንደ ሙሽራ ደንብ ፊቷን በቅጠል ሸፍና ከገመሮ ጀርባ ተቀመጠች።

«ቁጠር!» አሉ አባቷ።

«ውስጤ ገብቷል! እኔ ገመሮ የቧጨሩ ልጅ። ቧጨሩ የ... የ...» ዞር ብሎ አክስቱን አየ።

«ምፍፍፍ!» አለች አክስት።

ገመሮ ጎፈሬው ሙሽሽ አለ። ይሄኔ ሸጊት ከኋላው «የዘንጥል» ብላ ሹክ አለችው። የለመደው ነገር ነውና ስሙን እንኳ ሳያላምጠው ጮኸ።

«ቧጨሩ የዘንጥል ልጅ! ዘንጥል የ...»

«የቆንጥር» አለ ሹክሹክታው።

«ዘንጥል የቆንጥር ልጅ!»

የሸጊት አባት ብድግ አሉ። «ቆይ ቆይ! ዘንጥል እኮ የኔ አባት ነው! ቆንጥርም አያቴ! አባትህ ወንድሜ ሊሆን ነው? እንግዲያ ልጄ እህትህ ናት!»

አክስቲቱ ሾላውን እንደምንም ውጣ «ውሸት ነው! ጎርሴ ነው! ጎርሴ!» አለች።

«እርስዎን ማን ጠየቀ? እሱ ራሱ ቆጠረ፣ እኛ ሰማን» አሉ ሽማግሎቹ።

ሸጊት ቅጠሏን ወርውራ ገመሮ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ወንድምዬ! የት ጠፍተህ ከርመህ ነው? የወደድኩትን ሳገባ እንግዲህ ዳሱን የምትጥለው አንተ ነህ!»

ጣለም። ባል ሊሆን የመጣው ገመሮ ምሰሶ ተሸክሞ ዋለ።

ይኸውላችሁ፤ ሲነግሩት ያወቀ፣ ዝም ሲሉት ወደቀ።